ለእንግዳ የተላጨው ግቢ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የአትክልተኞቹ ካቦ መቀስና የውሃ ጎማ አስረከበኝና «ሣሩ ከጫማ በላይ ካደገ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ» አለኝ። ሌላ ትምህርት አልሰጠኝም። አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ አትክልተኛ ሆኜ ገብቼ፣ ኋላም እኔው ራሴ ካቦ ሆኜ፣ አምና በጡረታ እስክሰናበት ድረስ ከዚያች ትእዛዝ ጋር ስጣላ ኖርኩ።

ወላጆቼ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ሣር ለከብት ሲበቅል እንጂ ለዓይን ሲበቅል ያየሁት እዚያ ግቢ ነው። ያውም ምን ዓይነት ሣር! ከሩቅ በመኪና ተጭኖ መጥቶ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ። ክረምት በየሳምንቱ እናጭደዋለን፤ በጋ ሲሆን ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ እያየን በቦቴ ውሃ እናጠጣዋለን። ላም አትበላው፣ ሰው አይቀመጥበት። «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ታፔላ ደግሞ ተተክሎለታል።

ካቦ ስሆን ከጓሮው አጥር ሥር ያለውን አላሳጭድም አልኩ። ምክንያቱ ሐዋ ናት።

መሥሪያ ቤቱ ለአካባቢው ሴቶች ዘመናዊ ቀፎ ሲያድል ለሐዋ ሦስት ሰጣትና፣ ለማሳያ ይሁን ብሎ እኛው ጓሮ አስቀመጠላት። ሐዋ፣ መንጌ ወረዳ የተወለደች፣ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በማር ነው። አማርኛን ከአሶሳ ገበያ ነው የተማረችው፤ እኔን «አንተ» ትለኛለች፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

«ዘነቡ፣ ውጪ ሁሉ ተቃጠለ» አለችኝ አንድ ጥር። «አበባ የለም። ንብ ምን ይበላል? አንተ ግቢ ብቻ ነው አረንጓዴ።»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ በጋ ሲገባ ሜዳው በእሳት ይነድዳል፤ ከከተማው ዳር ጀምሮ ዓይን እስከሚያይበት ጥቁር አመድ ነው። ውሃ የሚያገኘው የኛ ግቢ ብቻ ያብባል። ስለዚህ አጥሩ ሥር የበቀለውን ሁሉ ለቀቅኩት፤ የሰይጣን መርፌውን፣ ቢጫ አበባ ያላትን ትንሽ አረም፣ ስሟን የማላውቃትን ሐምራዊዋንም። ጓሮው አበበ። ንቡ ከጠዋት ጀምሮ ይርመሰመስበታል፣ ቢራቢሮ መጣ፣ ወፍ መጣ። በመንገዱ ዳርና በሰንደቅ ዓላማው ዙሪያ ግን የማጨጃ ማሽኑ ሥራ አልፈታም። ግቢው ጫካ ይሁን አላልኩም፤ ይሄ ይታወቅልኝ።

ከዚያ አቶ ምትኩ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ሆነው ከመሃል አገር ተመድበው መጡ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጓሮውን ሲጎበኙ የሰይጣን መርፌ ሱፍ ሱሪያቸው ላይ እስከ ጉልበታቸው ተሰካ።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ ይሄ እኮ አረም ነው» አሉ፣ አንድ በአንድ እየነቀሉ።

«ለሱሪዎ አረም ነው፤ ለንቡ ቀለብ ነው» አልኳቸው።

«እባብስ?»

ይሄ አግባብ ያለው ጥያቄ ነው። አሶሳ ውስጥ እባብን የሚንቅ ሰው የለም። ስለዚህ ወደ ቀፎዎቹ የሚያስኬደውን መንገድ ሰፋ አድርጌ አጨድኩላቸው። አይተው «እንዲህ ከሆነ ይቆይ» አሉ። በአፋቸው ነው ያሉት።

የካቲት ላይ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ምን ሊያይ? የንብ ማነብ ሥራችንን! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ።

በዚያው ሰሞን ባምባሲ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ገና ከበሩ የታጨደ ሣርና የቤንዚን ሽታ ተቀበለኝ። እየሮጥኩ ጓሮ ገባሁ። በትከሻ የሚንጠለጠለውን ማጨጃ የያዙ የቀን ሠራተኞች የመጨረሻዋን ጥግ እየጨረሱ ነው። አበባው ተቆርጦ ተከምሯል፤ ክምሩ ላይ ንብ ይዞራል። ሠራተኞቹ ምን ያድርጉ፣ ታዘው ነው። በቀጥታ አቶ ምትኩ ቢሮ ገባሁ።

«ይቆይ ብለውኝ አልነበረም?»

«እንግዳ አረም መሃል አላቆምም። ግቢ የመሥሪያ ቤት ፊት ነው።»

«ፊት ነው ብለው ቅንድቡን ላጩት?»

«ይውጡልኝ!» አሉ። ወጣሁ። በሩን ግን ቀስ ብዬ አልዘጋሁትም።

ሐዋ ስኳር በውሃ በጥብጣ ቀፎዎቹ ሥር አስቀመጠች፤ እኔም ከቤቴ አመጣሁ። ጉንዳን ወረረው። እንግዶቹ ደግሞ ጉዟቸው ተራዘመ፤ እንደገናም ተራዘመ። እስከ ሥሩ የተላጨው ሣር ጠራራ ፀሐይ መታውና ቢጫ ሆነ። አቶ ምትኩ ይሄኔ «ቦቴ ይጨመር!» ማለት ጀመሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አንድ ጠዋት ሐዋ የቀፎውን ክዳን ከፈተች። ሰፈፉ አለ፣ ንብ የለም። ሁለተኛውን ከፈተች፣ ሦስተኛውንም።

«ሄደ» አለች። «ወላሂ፣ ሁሉ ሄደ።» እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ተሳደብኩ፤ ምን ብዬ እንደተሳደብኩ እዚህ አልጽፈውም።

እንግዶቹ ከዚያ በኋላ መጡ። ባዶ ቀፎ አጠገብ ቆመው ፎቶ ተነሡ። ከመካከላቸው አንዷ «ንቦቹ የታሉ?» ብላ ጠየቀች። አቶ ምትኩ ዓይናቸውን ሳያሹ «አበባ ሊቀስሙ ወጥተዋል፤ ማታ ይመለሳሉ» አሉ። ቀጥሎ ድምፅ ማጉያውን ለሐዋ ሰጧት፤ የተጠቃሚ አስተያየት መሆኑ ነው።

«አይመለስም» አለች ሐዋ። «አበባ ቆረጠ፣ ንብ ሄደ። አሁን ልጅ ምን ይበላል?»

ከኋላ አንድ ሰው ንግግሩ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያ ሁሉም ወደ ምሳ ሄዱ።

ሐዋ አዲስ መንጋ ለመሳብ ቀፎዎቹን ደጋግማ አጠነች፤ ንብ አልገባላትም። ዛሬ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትቸረችራለች። አቶ ምትኩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ፤ እዚያም ግቢ አለ።

ከእኔ በኋላ ማሽኑን ለምትይዙ የምለው ይሄን ነው። መንገዱንና በሩን እጨዱ። አበባ ያለበትን፣ አበባው እስኪረግፍ ተዉት፤ እንግዳ መጣም አልመጣም።