የአማቷ ምላስ

ሊዩን ማክሰኝት የገባችው በሙሽራ ወግ አይደለም፤ በመንገድ ሥራ ማኪና ተጭና ነው። በአገሯ በቻይና ከከተማ ከተማ እየዞረ ትያትር በሚያሳይ ቡድን ውስጥ ያደገች ተዋናይት ነበረች። ቡድኑ ሲበተን ከአስፋልት ሠራተኞች ጋር ወጥ ቤት ሆና መጣች፤ የግሬደር ነጂውን ክንዱን አገባችና እዚሁ ቀረች።

የክንዱ እናት ወይዘሮ ውቢት ግን ምራት አልተቀበሉም። «ሸጋ ልጄን ዘር ማንዘሯ የማይታወቅ ወሰደችብኝ!» ብለው በገበያ መሀል ጮኹ። ሊዩን ፊደል ሳትቆጥር እርግማን ተማረች። አማቷ «ጥርስሽ ይርገፍ» ሲሏት ቃሉን ብቻ አልነበረም የምትሰማው፤ ከንፈራቸው እንዴት እንደሚጣመም፣ ከስድቡ በፊት ትንፋሻቸውን እንዴት እንደሚሰበስቡ ጭምር ታይ ነበር። የተዋናይ ዓይን ተሰድቦም አያርፍም።

ክንዱ ግሬደሩ ተገልብጦበት ሞተ። ውቢት በለቅሶው ድንኳን «ገፊ! ልጄን የበላሽው አንቺ ነሽ!» ብለው በሕዝብ ፊት አስወጧት። ሊዩን ወደ ትልቁ ከተማ መግቢያ ፀዳ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየችና ከተማው መሀል አራዳ ካለ አንድ የትያትር ቡድን ተጠጋች።

እዚያም ደግ ሰው አልጠበቃትም። አዘጋጁ አንዳርጋቸው ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ አጭበርባሪ ኮንትራክተር ወይም ግራ የተጋባች ቱሪስት ከመሆን በቀር ሌላ ሚና አልሰጣትም። ፀጉሯ ሸበተ፤ ሚናዋ ያው ነው።

«ምነው አማርኛሽን አሳመርሽው?» አላት አንድ ቀን ልምምድ ላይ። «ሰባብሪው እንጂ! ሕዝቡ የሚስቀው በእሱ ነው።»

«ልጇ የሞተባትን እናት ስጠኝ። እችላለሁ።»

«በዚህ ፊት?» ብሎ ወደ ተዋናዮቹ ዞረ። ሳቁ።

ሊዩን የቱሪስቷን ባርኔጣ አውልቃ እግሩ ሥር ወረወረችው። «ለማላገጫ የሚሆን ፊት ከፈለግህ የራስህ አይከፋም» ብላው ወጣች። እሱም ቂሙን አልተወም፤ የከተማው ቡድን ሁሉ በር እንዲዘጋባት አደረገ።

ፊት የማይጠየቅበት ቦታ ሬዲዮ ብቻ ነበር። ራሔል የምትባል የድራማ አዘጋጅ ለአንዲት ክፉ አማት ድምፅ ስትፈልግ ሊዩን ሄደች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ከጉሮሮዋ ውቢት ወጡ።

ራሔል ደነገጠች። «እትዬ ሊዩን፣ ይኼን ከየት አመጡት?»

«ከማክሰኝት። ስጋተው ኖሬ።»

ድራማው ሲጀመር አገሩ አማቲቱን ጠላት። ታክሲ ውስጥ ሰው አማቲቱን ሲራገም ሊዩን ከኋላ ወንበር ሆና ደስ እያላት ትሰማለች። እነዚያው ሰዎች ስትወርድ «ቻይና!» ይሏታል።

ድምፁ የሊዩን መሆኑ ወሬ ሆኖ ማክሰኝት ደረሰ። ውቢት ምርኩዛቸውን ይዘው ሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ ቆሙና ሊዩን ስትገባ ያዟት።

«ምላሴን ሰርቀሽ ትበይበታለሽ?»

«አልሰረቅሁም፣ እማማ። እርስዎ ነዎት የሰጡኝ። ሌላ ምን ሰጥተውኝ ያውቃሉ?»

አሮጊቷ ምርኩዙን አነሱ፤ ዘበኛው መሀል ገባ። «ጉሮሮሽ ይድረቅ! ቀባሪ አይኑርሽ!» እያሉ ጮኹ። ሊዩን አልፋቸው ገባች።

የዚያን ቀን የሚቀረጸው አማቲቱ ምራቷን ከቤት የምታባርርበት ክፍል ነበር። አንዴም ሳትሳሳት ጨረሰችው። ስትወጣ ውቢት ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የማክሰኝት ማኪና ይጠብቁ ነበር። ተያዩ። ሰላምታ የጀመረ ግን አልነበረም።