ሐጂው፣ ቦክሰኞቹና የሲሪንቃው ልጅ

መርሳ ላይ ዲሽ የምተክለውም፣ ነፋስ ያዞረውን የማስተካክለውም እኔ ነኝ። ሥራዬ ከጣራ ጣራ ስለሆነ የከተማውን ሰው ጠባይ ከላይ ሆኜ አውቀዋለሁ፤ ማን ድራማ እያየ እንደሚያለቅስ፣ ማን ዜና እያየ እንደሚሳደብ። የወፍጮ ቤቱን ሐጂ ግን ያወቅኳቸው በቦክስ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ግድም አስጠርተውኝ ጣራቸው ላይ ወጥቼ ሳለ፣ ከታች ሆነው «ቁርኣኑ ይቅደም፣ ቀጥሎ ቦክሱ ይግባልኝ፣ ሌላውን እንደፈቀደህ!» ብለው ጮኹ። ሐጂው ሁልጊዜ ይጮኻሉ። ዕድሜውን ሙሉ ከወፍጮ ጋር ሲፎካከር የኖረ ድምፅ፣ መብራት ቢጠፋም ዝቅ አይልም።

ሥራዬን ጨርሼ መሄድ ነበረብኝ። ሆኖም ቴሌቪዥኑ ላይ የድሮ የከባድ ሚዛን ግጥሚያ ገባና ሐጂው፣ «ከከባድ ሚዛኖች ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው» አሉ። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ይቅርታ ሐጂ፣ የሚበልጠውስ አንድም ቀን ያልተሸነፈው ነው» አልኩ። በቃ፣ ክርክሩ እንዲህ ተጀመረ። የሁለቱን ቦክሰኞች ስም አልጠራም፤ ከጠራሁ አንባቢውም ወገን ይይዝና ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይነሣል። የኔው «ያልተሸነፈው»፣ የሐጂው ደግሞ «ወድቆ የተነሣው» ይባሉ።

የሐጂው መለኪያ አንድ ብቻ ነበር። ስንት ጊዜ አሸነፈ ብሎ መጠየቅ ለእርሳቸው የሕፃን ጥያቄ ነው። «ማንን ጣለ? ሲጥለውስ ያ ሰው በጉልበቱ ነበር ወይስ አርጅቶ?» ይላሉ። በዱቄት የነጣውን የወፍጮ ቤት ግድግዳ በከሰል ለሁለት ከፍለው የሁለቱን ቦክሰኞች ተጋጣሚዎች በእህል መደቧቸው። ምርጦቹ ጤፍ፣ ቀጥሎ ስንዴ፣ ከዚያ ማሽላ፣ የማይረቡት እንክርዳድ። በኔው ሰው በኩል ማሽላውና እንክርዳዱ በዝቶ ተጻፈ። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ያረጁ ሰዎችን ሰብስቦ መጣል ምን ጀግንነት ነው?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ፣ «በዘመኑ የነበሩትን ሁሉ ጨረሰ፤ የሌለውን ከየት ያምጣ?» እላለሁ።

ነገሩ ግን ከቦክስ አለፈ። አንድ የገበያ ቀን ማሽላ ሊያስፈጩ የተሰለፉ ሴቶች ግድግዳውን አስነበቡና ተቆጡ። ከፊት የነበሩት እናት፣ «ማሽላ ባይኖር አንቱ በዚህ አገር ምን ይፈጩ ነበር? ጤፉን ማን አየው?» ብለው ማዳበሪያቸውን አንሥተው ሊሄዱ ሆነ። ሐጂው በቡጢ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም፤ ደንበኛ ሲሄድ ግን አይችሉም። ማሽላን ከስንዴ እኩል አደረጉት። በዚህም የተነሣ የኔ ሰው ተጋጣሚዎች ባንድ ቀን ማዕረግ ጨመሩ፤ ለእኚያ እናት እስከ ዛሬ ዱኣ አደርጋለሁ።

እውነቱን ልናገርና፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያመላለሰኝ ቦክሱ ብቻ አልነበረም። ሐጂው አንድ ልጅ አለቻቸው፤ በጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት። እናቷ ካረፉ ጀምሮ አባትና ልጅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከሥራ ስትመለስ በወፍጮ ቤቱ በኩል ታልፍና ስንጯጯህ ታገኘናለች። «ሁለታችሁም አንድ ቡጢ ቀምሳችሁ አታውቁም» ትላለች፣ ትስቃለች፣ ትገባለች። እኔ እዚያው ቀረሁ። ሦስት ጊዜ አግቢኝ አልኳት፦ አንዴ በጤና ጣቢያው በር፣ አንዴ በስልክ፣ አንዴ ወልድያ መናኸሪያ መኪና ስንጠብቅ። ሦስቱንም ጊዜ «አይሆንም» አለችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ኩራተኛ ነኝና እኔም አልጠየቅኳትም። አራተኛውን ስሞክር ግን፣ «ሽማግሌ ላክ፤ አባቴ የሚሉትን እንስማ» አለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ፦ ግራና ቀበሌ ላይ ሽንኩርት የሚያለማው አጎቴ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና የሰፈራችን መስጊድ ሙአዚን። ሦስቱም የወፍጮ ቤቱ ደንበኞች ናቸውና የሐጂውን መለኪያ በቃላቸው ያውቁታል። መምህሩ አንድ ብልሃት አመጡ። «ይህ ሰው ሰውን የሚለካው በተጋጣሚው ነው። እኛም ስለልጃችን ብዙ አናውራ፤ እሷን የሚፈልጉትን እናግዝፋቸው። እነሱ በገዘፉ ቁጥር የሚረታቸው የኛው ልጅ ይገዝፋል» አሉ። እኔም ጅሉ፣ ግሩም ነው አልኩ።

ሄዱ። እንደ ወጉ ቆመው፣ ተቀመጡ ተብለው፣ ተቀመጡ። አጎቴ በኋላ እንደነገረኝ ንግግሩ የተዋጣለት ነበር። ከወልድያው የጨርቅ ነጋዴ ጀመሩ፤ ሐራ ላይ መኪና ያለውን ጨመሩ። ከዚያ ሲሪንቃ ዘር ምርምር ላይ የሚሠራው ወጣት ላይ ደረሱ። ይህ ልጅ አንዴ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያው መጥቶ ልጅቷን ሰላም ማለቱን እንጂ ሌላ ነገር ማናችንም አናውቅም። ሽማግሌዎቼ ግን አንዴ ተነሥተዋል። መምህሩ ትምህርቱን አወደሱ። ሙአዚኑ የሱብሒ ሶላት አምልጦት እንደማያውቅ መሰከሩ። አጎቴ ደግሞ በክረምት እናቱን አዝሎ ወንዝ አሻግሮ ሐኪም ቤት እንዳደረሰ ተረከ። አጎቴ የልጁን እናት አይቷቸው አያውቅም።

ሐጂው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። «ማሻአላህ! ይህ ልጅ አግብቷል?» ብለው ጠየቁ።

«የለም፣ አላገባም።»

«ታዲያ እናንተ የመጣችሁት ለማን ነው?»

ሦስቱም ተያዩ። ሐጂው ሽማግሌዎቹን አመስግነው፣ ዱኣ አስደርገው፣ «እስቲ ይህን የሲሪንቃ ልጅ ልየው፣ ኢንሻአላህ» ብለው ሸኟቸው። አጎቴ ሻይ ቤት መጥቶ ፊቴ ተቀመጠና፣ «ተናግረንስ ጥሩ ተናግረን ነበር፤ ለሌላው ሆነ እንጂ» አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ብርጭቆውን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ጠያቂው ራሱ ከልጅቷ አባት ፊት ቀርቦ ስለራሱ መናገሩ ነውር ነው። ነውሩን አውቄ በማግሥቱ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆሟል፤ ተሰላፊዎቹ ማዳበሪያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሐጂው ገና ሲያዩኝ፣ «ሽማግሌዎችህ ሰው ያውቃሉ! ለሲሪንቃው ልጅ መልእክት ልልክ ነው» አሉ፤ አነጋገራቸው የምር ይሁን የቀልድ አልለየሁም። ያቺን ልጅ ካጣሁ መርሳ ውስጥ የምወጣበት ጣራ እንደማይኖረኝ ያን ጊዜ አወቅኩ።

«ሐጂ፣ ሽማግሌዎቼ ቀጥፈዋል» አልኩ። «እኔ ማንንም አልጣልኩም። ነጋዴውም ባለመኪናውም የሲሪንቃው ልጅም ከኔ ጋር ተጋጥመው አያውቁም። የተጋጠምኩት ከልጅዎ ጋር ነው። ሦስት ጊዜ ጥላኛለች፤ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ።»

ተሰላፊዎቹ ወደ እኛ ዞሩ። ሐጂው ጠጋ አሉኝ። «ልጄ ምን ዓይነት ተጋጣሚ ናት?»

«በሀብሩ ወረዳ ከሷ የሚከብድ የለም።»

«ታዲያ ከከባድ ተጋጣሚ ጋር ገጥሞ ወድቆ የተነሣ፣ አንድም ቀን ካልወደቀው ይበልጣል ነው የምትለው?»

ወጥመዱን ያየሁት ከገባሁበት በኋላ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የተሟገትኩለትን ቦክሰኛዬን ባንድ ቃል ልሸጠው ሆነ። «አዎ፣ ይበልጣል» አልኩ።

«ጮክ በል! በሩ ላይ ያሉት አልሰሙም።»

«ይበልጣል!» ብዬ ጮኽኩ። ሐጂው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለኔ ይሁን ለሐጂው አልገባኝም።

ለካ ልጅቷ በነጭ ጋዋኗ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሐጂው ገና በድል ስካር ላይ ሆነው፣ «ሦስት ጊዜ የመለስሽው ጉድለት አይተሽበት ነው? እዚሁ ሰው ፊት ንገሪኝ» አሏት።

«ከግትርነቱ በቀር ጉድለት የለበትም፣ አባ» አለች። «አንቱን ለማን ትቼ ልሂድ ብዬ ነው። ማታ ማታ ከማን ጋር ይከራከራሉ?»

የሐጂው እጆች ቀስ ብለው ወረዱ። እኔም አፈርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ስሟገት አንድ ቀን እንኳ ለምን እንቢ እንዳለችኝ አልጠየቅኳትም። ሐጂው በጥምጣማቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ብትጋቡ ማታ ማታ ይዘሃት ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ ሐጂ። እየመጣሁ እከራከርዎታለሁ።»

«በምን?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። «አሁን እኮ ተስማማን!»

«ወላሂ ሐጂ፣ ቸግሮኝ ነው የተስማማሁት። የሚበልጠውስ አሁንም ያልተሸነፈው ነው።»

«አንተ ቀጣፊ!» አሉና በዱቄታም ክንዳቸው አንገቴን አቀፉኝ፤ ቶሎም አልለቀቁኝም።