አክስቴ አስካለና አንትሮሽት

ባለፈው ግንቦት ልጄ «እንኳን ለእናቶች ቀን አደረሰሽ!» ብላ ኬክ ይዛልኝ መጣች። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ የክሬሙ ሽታ ለጋ ቅቤ ለጋ ቅቤ አለኝና በዚያው ወልቂጤ፣ ልጅነቴ ቤት ገባሁ።

እኛ ጉራጌዎች የእናቶችን ቀን ከቴሌቪዥን አልተማርነውም፤ አንትሮሽት አለን፣ መቼ እንደተጀመረ አያቶቻችንም አያውቁትም። በዚያን ቀን እናት ቁጭ ትላለች፣ ባልና ልጅ ሽር ጉድ ይላሉ። ያኔ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ያ በገበያው የተፈራ ነጋዴ አባቴ ሽርጥ አገልድሞ ክትፎ ሲከትፍ፣ እናቴ ከተቀመጠችበት «ኧረ እጅህን ታጠብ!» እያለች የዓመቱን ቂሟን ትወጣበታለች። በእኛ ቤት የበዓሉ ማሰሪያ ልጅ የእናቷን አናት ቅቤ መቀባቷ ነበር፤ ብቸኛ ልጅ ነኝና ያ ማዕረግ የኔ ብቻ ነው፣ እንዴት እንደምኮራበት!

የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ አስካለ፣ በየዓመቱ ከእምድብር ቆጮዋን ይዛ ትመጣለች። የራሷን ልጆች ጥላ የእህቷን በዓል ለማየት መምጣቷ ይገርመኝ ነበር።

አንድ ዓመት፣ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ቅቤውን በመዳፌ ይዤ ወደ እናቴ ስጠጋ እጄን ቀብ አድርጋ ጥግ ወደተቀመጠችው አክስቴ ጠቆመችኝ።

«ዛሬስ አልቻልኩም። ሂጂ እሷን ቀቢ፤ የወለደችሽ እሷ ናት።»

በስመ አብ! ክው ብዬ ቀረሁ። አባቴም ቢላዋውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከሁላችንም ብሳ የደነገጠችው ግን አክስቴ ናት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን ነካሽ እቴ? ማን ተናገሪ አለሽ?»

«በየዓመቱ እዚያ ጥግ ተቀምጠሽ ስታዪን ቅቤው አናቴን ያቃጥለኛል» አለች እናቴ እያለቀሰች። «ልጅ ብከለከል ልጅሽን ሰጠሽኝ፤ ቀኑን እንኳ ልስጥሽ እንጂ!»

ቅቤው ቀልጦ ወደ ክንዴ ይወርዳል። የቷን እናቴ እንደምል ጠፋኝ። አክስቴ ተነሳችና እጄን ይዛ እናቴ አናት ላይ አሳረፈችው፤ አብራኝ እያሸችም «ያሳደገችሽ እሷ ናት፣ ቀቢያት» አለችኝ። በማግስቱ ማልዳ ሄደች።

በቀጣዩ አንትሮሽት ለሁለቱም የሚበቃ ቅቤ አዘጋጅቼ መናኸሪያ ወጥቼ ጠበቅኋት። የእምድብሩ ሚኒባስ ረዳት ቆጮዋን ብቻ አቀበለኝ።

«ደህና ናት፤ ልጅቷ እናት አላት፣ እኔ ምን ልሠራ ልምጣ ብላለች» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ለአንትሮሽት ወልቂጤን አልረገጠችም። ዛሬ ሁለቱም የሉም። እኔም ሁለት እናት ኖሮኝ አንዷን አንድ ቀን እንኳ ሳልቀባት ቀረሁ።