ከኮፋኖው ሥር የወጣው ሽታ

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ፣ ማኪና ስታነጥስ ሰምቶ የቱ ብሎኗ እንደላላ የሚናገር ሰው ቢፈለግ የምገኘው እኔ ብቻ ነኝ። የገዛ ማኪናዬ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አልነሳም እያለች ስታንገላታኝ፣ «ብርድ ነው» እያልኩ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አስገፋሁ።

ያን ቀን ከጎኔ የተቀመጡት የንስሐ አባቴ ነበሩ። እህታቸው አምባ ጊዮርጊስ አርፋ፣ ቀብሯ ለስድስት ሰዓት ተቆርጧል። ከቁስቋም አንስቻቸው ወለቃ ስንደርስ ማኪናዋ ጭራሽ ጸጥ አለች። ቁልፉን ሳዞር ታጓራለች እንጂ አትነሳም። አባ ሰዓታቸውን አዩ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

እዚያው መንገድ ዳር የሚሠራ የማውቀው መካኒክ መጣ።

«ባትሪው ነው» አልኩት።

«አያ ሊቅ! ባትሪው ከሞተ በምን ታጓራለች?» ብሎ ኮፋኖውን ከፈተ።

እግዚኦ! ሽታው የሰሜን ተራራን ጭላዳ ሁሉ ተከዜን የሚያሻግር ነበር። አባ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ያዙ። መካኒኩ ትንፋሹን ቆልፎ፣ ሽቦውን ከባትሪው ጀምሮ በጣቱ እየዳሰሰ፣ በየመገጣጠሚያው ትንሽ አምፖል እያስነካ ተከተለ። እዚህ በራች፤ እዚያም በራች፤ ከሞተሩ ጀርባ ስትደርስ ጠፋች። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና እንደተቃጠለ ሰው መልሶ መነጨቀው። የአይጥ ጎጆ! ጸጉር፣ የተቦጫጨቀ ስፖንጅ፣ ሽንት ያራሰው ጨርቅ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ትል ያፈላ ጥብስ። ሽቦው ተበልቶ አንዲት ክር ብቻ ቀርታው ኖሯል። ማኪናዋ ስትነሳ የከረመችው በእሷ ነው፤ እሷም በመንገዱ መንገጫገጭ ተበጠሰች።

«በዐቢይ ጾም ጥብስ! ምነው፣ አይጧ ክርስቲያን አይደለችም እንዴ?» አለ መካኒኩ።

«ከሃዲ ናት!» አልኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ። አባ በሐዘናቸው መሃል እንኳ ፈገግ አሉ።

መካኒኩ «አንተ ዛቀው፣ እኔ አልነካም» ስላለ፣ ጎጆውን በባዶ እጄ ዛቅሁት። ሞቅ ያለ ነበር። እስከ ዛሬ ለስላሳ ነገር ስይዝ ይሰቀጥጠኛል። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤም ሽታው ከጥፍሬ ሥር አልወጣ ብሎ፣ ሳምንት ሙሉ በግራ እጄ ልበላ ምንም አልቀረኝም።

መካኒኩ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ልጦ አጠማዘዘና ናስትሮ ጠቀለለባቸው። ገና ቁልፉን ስነካው ተነሳች። አምባ ጊዮርጊስ የደረስነው ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ነው። አባ ወርደው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ተመለሱና በመስኮቱ በኩል፣ «ልጄ፣ አንተ ባትኖር እህቴን ሳልሸኛት እቀር ነበር። ጾምህን ይቀበልልህ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።

ጥብሱ የእኔ ነበር። የቅበላ ለታ ከሚስቴ ደብቄ፣ ጾሙ ከገባ በኋላ ብቻዬን ልበላው፣ በፌስታል ጠቅልዬ ባትሪው ጎን የወሸቅሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ሳጣው ደግሞ ከልቤ አዝኛለሁ።