ለእሷ የሚተወው ትርፍ ጨርቅ

ሰፈሩ ሁሉ «ቶሎቶሎ» ነው የሚላት። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ስታወራ እንኳ እግሯ የስፌት መኪናውን ፔዳል ይፈልጋል። ባሏ ደግሞ፣ መቼም እግዜር ሲያጣምር አይጣል ነው፣ አንዲት ቃል ለማውጣት የሚያምጥ ዝምተኛ! እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች። ትዳራቸውም ሱቃቸውም አንድ ክፍል ነው፤ መሃል ላይ መጋረጃ አለ፣ በቃ።

ሰሞኑን ግን እህል አልዋጥ ብሏታል። የትልቁ ልብስ ቤት እመቤት ስፌቷን አይታ «እኔ ጋ ነይ፣ ፎቅ ላይ ማደሪያም አለ» አለቻት። ያቺ «ማደሪያም አለ» የምትል ቃል ናት ጉድ ያፈላችው። ባሏን ትታ መኖር እንደምትችል ከዚያ በፊት አስባው አታውቅም።

ታላቅ እህቷ ደግሞ በእሳት ላይ ቤንዚን ናት።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ከሱ ጋር ደስ ይልሻል?»

«አንዳንዴ።»

«ሌላ የተሻለ አለሽ?»

«አሁንማ አለ።»

«ታዲያ ምን ይዞሽ ነው?»

«ስንት ዘመን የደከምኩበት ቤት እኮ ነው እቴቴ! ልጆች አሳደግንበት።»

«አየሽ! የያዘሽ ድካምሽ ነው እንጂ ፍቅር አይደለም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው።»

ነገሩ ሆዷ ገብቶ ተቀመጠ። እውነት ወድጄው ነው ወይስ ለምጄው? ጠዋት ባሏ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ጨርቅ ሲዘረጋ ስታየው አንጀቷን ይበላዋል። ወዲያው ደግሞ ያ ዝምታው ያንገበግባታል።

በመጨረሻ «እህቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብላ ዋሸችና ለሙከራ ሄደች። የልብስ ቤቱ ቆራጭ ያዘጋጀውን ኮት ሰጧት። ቶሎቶሎ ናትና ከሁሉም ቀድማ ጨረሰችው። ደንበኛው መጥቶ ሲለብሰው ግን ክንዱ አልዘረጋ፣ ቁልፉ አልገናኝ አለ። ሰውዬው ክንፉን እንደታሰረ ዶሮ ተገትሮ ቀረ።

«የቆራጩ ጥፋት ነው!» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ። «የኔ እጅ ስቶ አያውቅም።»

እመቤቲቱ ኮቱን ገልብጣ ስፌቱን ለካች። «እህቴ፣ ከሚገባው እጥፍ ጨርቅ እኮ ነው ወደ ውስጥ ያስገባሽው። ጀማሪም እንዲህ አይሰፋም። እስከዛሬ የሰፋሽው እንዴት ለሰው ልክ ሆነ?»

እንዴት ሆነ? መልሱ እዚያው እንደቆመች መጣላት። ባሏ ነዋ! ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ ይህን አመሏን አይቶ፣ በየጠርዙ ለእሷ ትርፍ እየተወ ሲቆርጥ ኖሯል። እሷ «ልኬ አይስትም» እያለች በጎረቤት ላይ ስትኩራራ ትንፍሽ አላለም።

ወደ ቤት ስትከንፍ ልታቅፈው ይሁን ልታንቀው አላወቀችም። ገና ከበሩ የሄደችበትን፣ የኮቱን ነገር፣ ትታው ልትወጣ ማሰቧን ሁሉንም ዘረገፈችው።

«ለምንድነው ያልነገርከኝ?»

መቀሱን አስቀመጠ። «መጀመሪያ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«ኋላስ?»

«ኋላማ ፈራሁ። እጅሽ ከታረመ የትም ቤት ትሠሪያለሽ።»

ለእሷ ሲል ይሄን ሁሉ ዘመን መድከሙ አሳዘናት፤ እንደ በግ አስሮ ማስቀመጡ ደግሞ አበገናት።

«ወይ ጉድ! ይሄንን ነው ፍቅር ያልከው?»

«እንጃ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ በልኩ ቁረጥልኝ። እያበላሸሁም ቢሆን እማራለሁ።»

«ከተማርሽ በኋላስ?»

«ያኔ ከሄድኩም እሄዳለሁ። ከቀረሁ ግን ወዳኝ ነው የቀረችው ብለህ ተኛ።»

ባሏ ጨርቁን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ ያሰመረውን በመዳፉ አጠፋና፣ ጠበብ አድርጎ ሌላ አሰመረ። በዚያው መስመር ቆረጠው።