ጆንያው እስኪነሳ

ጅማ የመብራት መሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ረዳት ኤሌክትሪሺያን ሆኜ በተቀጠርኩበት ቀን ያስረከቡኝ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና በሁለት ሽቦ የተንጠለጠለ መሞከሪያ አምፖል ነበር። ፎርማናችን ጋሽ ወርቁ መሣሪያዬን አየት አደረጉና «ይህን ሁሉ ከማውጣትህ በፊት የሰዎቹን እግር እይ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

የዚያኑ ቀን ወደ አንድ ወፍጮ ቤት ሄድን። ሠራተኛው በሚቆምበት ቦታ፣ ወፍጮው ሥር፣ የታጠፈ ጆንያ ተነጥፏል። ጋሽ ወርቁ «ይህ ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ባለወፍጮው «ለብርድ ነው ጋሼ፤ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል» አለ። ጋሽ ወርቁ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ «አዎ፣ የጅማ ብርድ አይቻልም» አሉና እኔን ጠቀሱኝ። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ከወፍጮው ብረት፣ ሌላውን ከውኃ ቧንቧው አስነካሁ። አምፖሉ በራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተር ሽቦ ልባሱ ሲያረጅ ኮረንቲው ወደ ማሽኑ አካል ያፈተልካል። ከማሽኑ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ፣ እኛ ኤርዝ የምንለው፣ ካለ ኮረንቲው በዚያ ይወርዳል፤ ፊውዙም ተቃጥሎ መስመሩን ይቆርጠዋል። ኤርዝ ከሌለ ግን መውረጃው ማሽኑን የነካው ሰው ነው። ሰዎቹ ማሽኑ ሲነዝራቸው ኤሌክትሪሺያን አይጠሩም ነበር፤ ጆንያ ያነጥፉ ነበር። ደረቅ ጆንያ ደግሞ እውነትም ያድናል፤ ክፋቱም እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያላየሁት ጉድ የለም። አሰንዳቦ አንድ ሻይ ቤት በፊውዝ ፋንታ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅጥቀው አግኝቻለሁ። ጅማ ሂርማታ ሰፈር አንዲት እናት ከቆጣሪው ወደ ማድ ቤት በተሳበ ሽቦ ላይ ልብስ ያሰጡ ነበር። «እማማ፣ ይህ እኮ ኮረንቲ አለበት» ብላቸው «ታዲያ ቶሎ ያደርቅልኛላ» አሉኝ። ፊውዝ ከገበያ የጠፋበት ዘመን ስለነበር በሰው ብዙም አልፈርድም።

ጋሽ ወርቁ ጡረታ ወጥተው ፎርማንነቱ ለእኔ ከደረሰ በኋላ፣ ከሰርቦ ወጣ ብሎ ያለ የመንግሥት ቡና መፈልፈያ ልመረምር ሄድኩ። ቡና የሚጎርፍበት ወቅት ነበር። ማሽኑ አፍ ላይ ቆማ ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ የምታስገባው ዘይነባ የምትባል ሴት ናት። እግሯን አየሁ፤ ጆንያ ላይ ቆማለች።

«ይነዝርሻል?» አልኳት።

«ድሮ ነበር ኦቦ። አሁን ጆንያ አለን፣ አልሃምዱሊላህ።»

አጠገቧ የምትሠራው እህቷ ከዲጃ፣ ጆንያውን በየጠዋቱ ፀሐይ ላይ የምታሰጣው ዘይነባ እንደሆነች ነገረችኝ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣም መጀመሪያ የምታስተምረው ይህንኑ ነበር።

ሥራ አስኪያጁን አስጠርቼ ማሽኑ ኤርዝ እስኪገባለት ይቁም አልኩት።

«ጓድ ግርማ፣ ይህ ቡና የውጭ ምንዛሪ ነው። ዘመቻ ላይ ነን። ማሽን ማቆም አሻጥር መሆኑን ታውቃለህ?»

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ጊዜ ሰው ያስበላ ነበር። ፈራሁ። ቢሆንም «ዝናብ መጥቶ ያ ጆንያ ቢርስ ይህች ሴት ትሞታለች» አልኩት።

«ጣሪያ አለ» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። በየቀዳዳው ሰማይ ይታያል።

ደጅ ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ ወጥቼ ፊውዞቹን ነቀልኩና ይዣቸው ሄድኩ። ጅማ ስደርስ ከአውራጃው ስልክ ተደውሎ ቆየኝ። የቅርንጫፋችን ኃላፊ በሩን ዘግተው «ግርማ፣ ልጆች አሉህ። መልስላቸው» አሉኝ። «ኤርዙ ይግባ፤ በገዛ እጄ እመልሳለሁ» አልኳቸው። በመጨረሻ ለኤርዙ የሚሆን መዳብ ከአዲስ አበባ እንዲመጣ አዘዙ። እኛ መዳቡን ስንጠብቅ እነዚያ እኛን አልጠበቁም። የመፈልፈያው መካኒክ ታዞ በፊውዞቹ ቦታ ሽቦ ጠምዝዞ ማሽኑን አስነሳ።

ከዚያ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ።

ተጠርቼ መፈልፈያው ስደርስ የዘይነባ ፊት በከዲጃ ሻሽ ተሸፍኗል። ጆንያው እንደተነጠፈ ነው። አንስቼ ጨመቅኩት፤ ውኃ ወረደው። ሥራ አስኪያጁ «የልብ በሽታ ይሆናል» አለ። ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቁጭቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

መዳቡ መጣ። ያረጀው የሞተሩ ሽቦ በአዲስ ተጠቀለለ። ጉድጓድ አስቆፍሬ የኤርዙን ብረት ከከሰልና ከጨው ጋር ቀበርኩ፤ ሽቦውን አምጥቼ ከማሽኑ አካል ጋር አሰርኩ። ፊውዞቹን መለስኩ። አምፖሌን ማሽኑ ላይ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልበራም።

ማሽኑ ሲነሳ በዘይነባ ቦታ የቆመችው ከዲጃ ነበረች። ከእግሯ ሥር ሁለት ጆንያ ደራርባለች።

«አንሺው» አልኳት።

«ማሎ ኦቦ፣ እባክዎ፣ አንዱ ቢርስ አንዱ ይቀራል።»

«ተሠርቷል እኮ። ከእንግዲህ አይነዝርም።»

«እሷንም ደህና ነው ብለዋት ነው» አለችኝ።

ጫማዬንና ካልሲዬን አወለቅኩ። ባልዲ ውኃ አስመጥቼ ሲሚንቶው ላይ ደፋሁና እርጥቡ ላይ ቆምኩ። ማሽኑ እየሠራ መዳፌን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። ከዲጃ ፊቴን አላየችም፤ የምታየው እግሬን ነበር። ብዙ ቆየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ጠቀለለችና ባዶ እግሯን ውኃው ላይ፣ ከእግሬ አጠገብ አሳረፈች።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየመፈልፈያው እንዲሁ አደረግኩ፤ መጀመሪያ በአምፖሉ፣ ቀጥሎ በመዳፌ። አምፖሉ አልበራም ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ሥራው የሚያልቀው ሠራተኛዋ ጆንያውን በገዛ እጇ ስታነሳ ነው።