መንገድ ላይ የተጋደመው ግራዋ

የትምህርት ቤታችን የእግር ጉዞ ክበብ ቅዳሜና እሁድ ከፍኖተ ሰላም ወደ ገጠር ለሚያደርገው ጉዞ መሪ አድርጎ መረጠኝ! ስልኩ ሲደወል እንስራ በግራዋ እያጠብኩ ነበር። ስልኩን ዘግቼ እጄን ሳሸተው፣ በስድስት ዓመቴ ያጠፋሁት ጥፋት ትዝ አለኝ።

መስከረም ላይ ከጅጋ ገበያ ከአክስቴ ጋር በእግር ስንመለስ፣ እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ከኋላ ቀርታ ነበር። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል አክስቴ የግራዋ ቅርንጫፍ ቆረጠችና ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ አጋድማ በዳገቱ በኩል ቀጠለች። እኔ ቅጠሉ አማረኝና ሳታየኝ አንስቼ፣ ዝንብ እያባረርኩበት ተከተልኳት። ዳገቱ ላይ ዘወር ስትል አየችኝ።

«አንቺ! መንገዱን ተሸክመሽ መጣሽ?»

«መንገዱማ እዚያው ነው፣ እትዬ።»

አልሳቀችም። ነጠላዋን አገልድማ ቁልቁል ሮጠች፤ እኔም እያለቀስኩ ተከተልኳት። እናቴን ያገኘናት ከሞላው ወንዝ ዳር ግራ ተጋብታ ቆማ ነው።

«ምነው እቴ፣ ምልክት እንኳ አትተይልኝም?»

«ትቼልሽ ነበር፤ በእግሩ ሄደ እንጂ» አለች አክስቴ፣ እኔን እያየች።

ቅዳሜ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። እናንተም ኑ፤ ወደ ኋላ ብትቀሩም አትፍሩ። መንገድ ላይ የተጋደመ ግራዋ ካያችሁ በሌላው በኩል ተከተሉን። እሱን ግን እንዳታነሱት።